ብሌንደር ላይ ጁፒተርን መሥራት፦ ከሰባት ወር በኋላ ያለኝ አስተያየት

ባነርና ፖስተር ዲዛይን እንጀራዬ ነው። ሠርግ ሲበዛ፣ ሱቅ ሲከፈት፣ በዓል ሲደርስ ሥራ አላጣም። ባለፈው ዓመት የእህቴ ልጅ ከትምህርት ቤቱ የሳይንስ ክበብ አንድ ጥያቄ ይዞልኝ መጣ። "አጎቴ፣ ለክፍላችን ግድግዳ ጁፒተርን ትሠራልናለህ? እውነተኛውን የሚመስል።" መጠኑ ሦስት ሜትር በአንድ ሜትር ተኩል። ልጆቹ የሚፈልጉትን ቁጭ ብለው ስለውታል። ኢዮ የምትባለው ጨረቃ ከፊት ሆና፣ ጥላዋ ጁፒተር ላይ አርፎ፣ ሌላዋ የጁፒተር ጨረቃ ዩሮፓ ደግሞ ከኋላ በስተቀኝ ራቅ ብላ። በዚያ ማዕዘንና በዚያ መጠን ለማግኘት ራሴ መሥራት ነበረብኝ።

ባለ ሦስት አውታር (3D) ምስል የሚሠራበትን የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ብሌንደርን፣ የጫንኩት ለዚህ ነው። ዋጋው ዜሮ ነው። የሠላሳ ቀን ሙከራ ብሎ የሚዘጋ ነገር የለም፤ የሠራችሁት ምስል ላይም ምልክት አይለጥፍም። እ.ኤ.አ. በ2002 ተጠቃሚዎቹ 100,000 ዩሮ አዋጥተው ኮዱን ለሁሉም ክፍት አስደረጉት። እነዚያ ሰዎች ያዋጡት ገንዘብ ዛሬ አዲስ አበባ ላለ አንድ የባነር ሠራተኛ ደርሷል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር አመሰግናቸዋለሁ።

የእኔ ላፕቶፕ 16 ጊጋ ራም አለው፤ የግራፊክስ ካርዱ 4 ጊጋ ነው። ለዚህ ሥራ በቅቶኛል። የጠፈር ምስል አብዛኛው ጥቁር ስለሆነ እንደ ቤት ውስጥ ምስል ማሽኑን አያስጨንቅም።

መጀመሪያ ልኩን ያዙ። እኔ አንድ የብሌንደር መለኪያ 1,000 ኪሎ ሜትር ይሁን አልኩ። እንደዚያ ሲሆን የጁፒተር ራዲየስ 71.5፣ የኢዮ 1.82 ነው። ኢዮ ከጁፒተር መሃል ያላት ርቀት ደግሞ 421.7 ይሆናል። እውነተኛውን ርቀት በሜትር እንዳለ ካስገባችሁት ቁጥሩ በጣም ስለሚበዛ ነገሮቹ ቦታቸውን መያዝ ያቅታቸዋል፤ ይንቀጠቀጣሉ። ካሜራው እስከ የት ድረስ እንደሚያይ የሚወስነውን ቁጥርም ከፍ አድርጉት፤ አለዚያ ዩሮፓ ትጠፋባችኋለች። ጁፒተር ደግሞ ድፍን ክብ አይደለም። በ10 ሰዓት ገደማ አንዴ ስለሚሽከረከር ወገቡ ወጣ፣ አናቱና ሥሩ ጠፍጠፍ ብሏል። ቁመቱን የወገቡን ስፋት 0.935 አድርጉት። ሳተርን ከሆነ 0.90። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ግን ዓይን ወዲያው ያውቃታል።

ዋናው ነገር መብራቱ ነው።

በመጀመሪያው ሙከራዬ ፀሐይን በግራ በኩል አስቀመጥኩ። ጨለማው ጎን እንዲታይ ብዬ ሁለተኛ መብራት በቀኝ ጨመርኩ። ለሠርግ ፎቶ የለመድኩት አሠራር ነው። የእህቴ ልጅ መጥቶ ስክሪኑን አየ። ዝም ብሎ ቆየና "አጎቴ፣ ፀሐይ በግራ ካለች ኢዮን በቀኝ በኩል ማን አበራት?" አለኝ። ሁለተኛውን መብራት እዚያው አጠፋሁት። ያኔ ምስሉ ከሥዕልነት ወደ ፎቶነት ተሻገረ። ሳይክልስ የሚባለው የብሌንደር ሬንደር ማድረጊያ፣ ማለትም የሠራችሁትን ወደ መጨረሻ ምስል የሚለውጠው ክፍል፣ ብርሃን ከአንዱ አካል ወደ ሌላው ሲነጥር ራሱ ያሰላል። ዩሮፓ ጨለማ ጎን ላይ የቀረችው ደብዛዛ ብርሃን ከጁፒተር የተንጸባረቀች ናት። እኔ አልጨመርኳትም።

ሁለተኛው ትምህርት የኢዮ ጥላ ነው። ብሌንደር ውስጥ ፀሐይ የሚባለው መብራት አንግል የሚል ቁጥር አለው፤ ፀሐይ ሰማይ ላይ ምን ያህል ትልቅ ሆና እንደምትታይ የሚወስን ነው። ከምድር ስናያት ግማሽ ዲግሪ ገደማ ናት። በዚህ ቁጥር ሬንደር ሳደርግ የኢዮ ጥላ ሻይ የፈሰሰበት ጨርቅ መሰለ። ሁለት ማታ ሙሉ ቀለሙንም ካሜራውንም ስነካካ አመሸሁ። ለካ ጉዳዩ ፀሐይ ጋ ነው። ጁፒተር ከፀሐይ ያለው ርቀት ከምድር 5.2 እጥፍ ነው፤ ስለዚህ ከዚያ ሆነው ሲያዩዋት ፀሐይ 0.1 ዲግሪ ብቻ ናት። ቁጥሩን ቀየርኩ። ጥላው ጥቁር፣ ጥርት ያለ ክብ ሆኖ ወጣ፤ ጠርዙ ብቻ ለስለስ ብሏል።

በኋላ ወረቀት አውጥቼ አሰላሁት። ኢዮ ከጁፒተር ደመና 350,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ከጁፒተር በምትታየው በ0.1 ዲግሪዋ ፀሐይ የጥላው ደብዛዛ ጠርዝ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል። ከምድር በምትታየው በግማሽ ዲግሪዋ ፀሐይ ግን ከ3,200 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። የኢዮ ዲያሜትር ራሱ 3,640 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ድፍን ጥቁሩ ክፍል ሊጠፋ ትንሽ ነበር የቀረው። ብሌንደርን የምወድለት ይህንን ነው። ትክክለኛውን ቁጥር ስጡት እንጂ ጥላውን መሣል የእናንተ ሥራ አይደለም።

የጁፒተር ቆዳ፣ ማለትም ክቡ ላይ የሚለብሰው ምስል፣ ከየት ይመጣል? እኔ የተጠቀምኩት ካሲኒ የተባለው የጠፈር መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2000 ወደ ሳተርን ሲያልፍ ካነሳቸው ፎቶዎች የተሠራውን ካርታ ነው። ናሳ ለሁሉም ክፍት አድርጎታል። ለኢዮና ለዩሮፓ የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ከቮዬጀርና ከጋሊሊዮ መንኮራኩሮች ፎቶዎች ያዘጋጃቸው ካርታዎች አሉ። የጁፒተሩ ካርታ ላይ የምትታየው ትንሿ ነገር 120 ኪሎ ሜትር ያህል ናት። ለስክሪን ይበቃል፤ ለሦስት ሜትር ባነር ግን ቀረብ ሲሉት ይደበዝዛል። እዚህ ላይ ብሌንደር ራሱ በስሌት የሚፈጥረው ዝብርቅርቅ ንድፍ፣ ኖይዝ ቴክስቸር፣ አዳነኝ። ኖይዙን በወገቡ አቅጣጫ ሳብኩት። ከዚያ ሁለተኛ ኖይዝ የመጀመሪያውን እንዲያጣምመው አደረግኩ። ቀጫጭን ክሮች መጡ፤ ቡና ላይ ወተት ጠብ አድርጋችሁ ስታማስሉት እንደሚወጣው ዓይነት። ካርታው ላይ በጣም በስሱ ደረብኩት። መጀመሪያ ላይ አብዝቼው ጁፒተር እብነ በረድ መስሎ ነበር።

ብዙ ሰው ደመናውን ከፍና ዝቅ ያለ ለማስመሰል በምፕ የሚባለውን፣ ላዩን ወጣ ገባ የሚያስመስል ዘዴ ይጨምራል። አታድርጉት። የደመናው ከፍታ ልዩነት በአሥር ኪሎ ሜትሮች የሚቆጠር ነው፤ የፕላኔቱ ስፋት ግን 143,000 ኪሎ ሜትር። ከዚህ ርቀት አይታይም። ዙሪያውን ሰማያዊ ጭጋግ ማልበስም የምድር ነገር ነው። ጁፒተር ወደ ጠርዙ ሲሄድ እየጠቆረ ይለቃል፤ አያበራም። ጭጋግ መሥራት የሚያምራችሁ ከሆነ የሳተርኗን ቲታን ሞክሩ። የእሷ ብርቱካናማ ጭጋግ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ከፍታ ስላለው እውነትም ይታያል።

ቀለሙንም ረጋ አድርጉት። በየቦታው የምናያቸው ደማቅ ቀይ ጁፒተሮች ቀለማቸው የተጋነነ ነው። በዓይን የሚታየው ክሬምና ፈዘዝ ያለ ቡናማ ነው። ከብሌንደር 4.0 ጀምሮ አብሮ የሚመጣው ኤጂኤክስ የሚባለው የቀለም አያያዝ ብሩህ ቦታዎችን ሳያቃጥል ስለሚያሳይ ለዚህ ይመቻል። ኮከቦችን ተዉ። ካሜራ ለጁፒተር ብርሃን ከተስተካከለ ኮከብ አይይዝም።

የክበቡ ልጆች መሃል ላይ ሌላዋ የጁፒተር ጨረቃ ጋኒሜድም ተጨምራ ሦስቱ በአንድ መስመር ይሰለፉ ብለው ነበር። ይህን እንቢ አልኩ። ጋኒሜድ አንዴ ስትዞር ዩሮፓ ሁለቴ፣ ኢዮ አራቴ ይዞራሉ። አካሄዳቸው እንዲህ ስለተቆላለፈ ሦስቱም በአንድ ጎን በአንድ መስመር የሚገናኙበት ጊዜ የለም። ነገርኳቸው፤ ዝም አሉ። በማግስቱ መሬት ላይ ጠጠር እየደረደሩ ሲሞክሩት ነበር።

ብሌንደር ለጀማሪ ቀላል አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የቁልፍ አቋራጮቹን በመሸምደድ ያልቃሉ። ምስሉ ላይ ነጠብጣብ እንዳይበዛ የሚያለሰልሰውን ዲኖይዝ ደግሞ በቁጠባ ተጠቀሙበት፤ እነዚያን ቀጫጭን ክሮች አብሮ ይጠርጋቸዋል። እኔ ሳምፕሉን፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፒክስል ብርሃኑ የሚሰላበትን ብዛት፣ 1,024 አድርጌ ዲኖይዙን አጠፋሁት።

መብራትን አስቡ። የመጨረሻውን 8,192 በ4,096 ፒክስል ምስል ሬንደር ሳደርግ ሦስት ሰዓት ከሄደ በኋላ መብራት ጠፋ። የላፕቶፑ ባትሪም አልቻለውም። በሁለተኛው ቀን ምስሉን በስምንት ቁራጭ ከፍዬ እያንዳንዱን ለብቻ አስቀመጥኩና አገጣጠምኩት። አኒሜሽን ከሆነም በአንድ ቪዲዮ ሳይሆን በተከታታይ ነጠላ ምስሎች አስቀምጡ። መብራት ሲመለስ ካቆማችሁበት ትቀጥላላችሁ።

ማተሚያ ቤት ስትሄዱ አንድ ነገር አጥብቃችሁ ንገሯቸው። ጠፈሩ በጥቁር ቀለም ብቻ ከታተመ ባነሩ ላይ ግራጫ ሆኖ ይወጣል። ሲያን፣ ማጀንታና ቢጫ የሚባሉት የኅትመት ቀለሞች የተቀላቀሉበት ጥቁር ይሁን። እኔ መጀመሪያ አንድ ክንድ የምትሆን ቁራጭ አሳትሜ ፀሐይ ላይ ዘርግቼ አየኋት። የኢዮ ጥላ ከጠፈሩ እኩል ጠቁሯል። ከዚያ ነው ሙሉውን አትሙት ያልኩት።