ኖርተን ኮማንዶ፦ በእግር ማስነሳት ወይስ ሞተሪኖ መግጠም?

እ.ኤ.አ. በ1967 ለሕዝብ የቀረበው እንግሊዛዊው ኖርተን ኮማንዶ ሞተርሳይክል ለዓመታት የሚነሳው በእግር ብቻ ነበር። ሁለቱ ፒስተኖቹ አብረው ስለሚወጡና ስለሚወርዱ፣ በተለይ 850 በሚባለው ሞዴል ላይ ያለው 828 ሲሲ ሞተር ጠንካራ ምት ይፈልጋል፤ ካርቡራተሩ ንጹሕ፣ የእሳት ጊዜውም (ሻማው እሳት የሚሰጥበት ቅጽበት) የተስተካከለ ከሆነ ግን በአንድ ወይም በሁለት ምት ሊነሳ ይችላል። ይህ መንገድ ክብደት አይጨምርም፤ የሞተሩንም የቀድሞ ቅርጽ አይነካም። ጉልበቱን ወይም ዳሌውን ለሚያመው ባለቤት ግን ይህ ሁሉ ጥቅም ትርጉም የለውም።

ሞተሪኖ፣ ማለትም ሞተሩን በባትሪ ኃይል የሚያስነሳውን ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር፣ መግጠም ሰፋ ያለ ሥራ ነው። ፋብሪካው ራሱ እ.ኤ.አ. በ1975 በወጣው 850 ማርክ 3 በተባለው የኮማንዶ ሞዴል ላይ ሞተሪኖ ገጥሞ ነበር፤ ይሁን እንጂ አቅሙ አነስተኛ በመሆኑ ብዙዎች የእግር ማገዣ እንጂ ምትክ አድርገው አልቆጠሩትም። ዛሬ ለብቻቸው የሚሸጡት የተሻለ ኃይል ቢኖራቸውም ጠንካራ ባትሪና ወፍራም ሽቦ የግድ ይላቸዋል። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ባትሪው ሲደክም የሚከተለው ነው፤ አንዳንድ የኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያዎች ቮልቱ ሲወርድ የእሳት ጊዜውን ስለሚያዛቡ ሞተሩ በተቃራኒ አቅጣጫ ወደ ኋላ ይመታል፣ ይህም ምት ሞተሪኖውን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘውንና በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚይዘውን ክላች ሊሰብረው ይችላል።

ስለዚህ ጤነኛ እግር ያለው ሰው ገንዘቡን አስቀድሞ ካርቡራተሩንና ማቀጣጠያውን ለማደስ ቢያውለው እመርጣለሁ። ማስነሳት ስላቃተው ብቻ ሞተርሳይክሉን ሊሸጥ ያሰበ ግን ሳያመነታ ሞተሪኖውን ይግጠም፤ የእግር ማስነሻውን ግን አይንቀለው።