ግሪንዊች ስትሄዱ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ቀና በሉ

ለንደን የምትኖሩም ሆናችሁ እግር ጥሏችሁ የምታልፉ፣ ግሪንዊችን ሳታዩ አትቅሩ። ለፎቶ ብዬ አይደለም። ብዙ ሰው ኮረብታውን ይወጣል፣ ዜሮ ኬንትሮስ በምትባለው መስመር ላይ አንድ እግሩን በምሥራቅ አንድ እግሩን በምዕራብ አድርጎ ፎቶ ይነሳል፣ ከዚያ ይወርዳል። ከራሱ በላይ ያለችውን ቀይ ኳስ ግን ልብ አይላትም። እኔ የማወራችሁ ስለሷ ነው።

ኳሷ ያለችው የንጉሣዊው የከዋክብት መመልከቻ ጥንታዊ ቤት፣ ፍላምስቲድ ሃውስ አናት ላይ ነው። መመልከቻው የተቋቋመው በ1675 ሲሆን ኳሷ የተተከለችው በ1833 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ከቀኑ 6 ሰዓት ከ55 ላይ ምሰሶዋን ይዛ እስከ ግማሽ ትወጣለች፤ ተዘጋጁ ማለት ነው። 6 ከ58 ላይ ጫፍ ትደርሳለች። ልክ 7 ሰዓት ሲሆን ትወድቃለች። በቃ።

ኅዳር ላይ እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ነበርና ይዣት ሄድኩ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ሰማዩ ግን ጥርት ብሏል። ኳሷ ግማሽ ላይ ስትቆም «ተበላሸች እንዴ?» አለችኝ። «ቆይ እማዬ፣ ገና ናት» አልኳት። ጫፍ ስትደርስ አጠገባችን የነበሩ የትምህርት ቤት ልጆች መቁጠር ጀመሩ። ከዚያ ወደቀች። ደወል የለ፣ ፉጨት የለ። እናቴ «ይኸው ነው?» አለች።

ይኸው ነው። ግን ለማን እንደተሠራች ሲያውቁ ነው የምትጥመው።

ባሕር ላይ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ የት እንደደረሱ ከፀሐይና ከከዋክብት ከፍታ ማወቅ ይቻላል። የሚያስቸግረው ምሥራቅና ምዕራቡ ነው። ምድር በ4 ደቂቃ አንድ ዲግሪ ትዞራለች። ስለዚህ መርከበኛው ያለበትን ሰዓት ከፀሐይ ያነባል፣ የግሪንዊችን ሰዓት ደግሞ ይዞት ከመጣው ክሮኖሜትር፣ ማለትም ጊዜን በትክክል ከሚጠብቅ የመርከብ ሰዓት፣ ያያል፣ የሁለቱ ልዩነት ቦታውን ይነግረዋል። ክሮኖሜትሩ ከተሳሳተስ? በምድር ወገብ አካባቢ የ1 ደቂቃ ስህተት 28 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በጨለማ፣ ድንጋያማ ጠረፍ አጠገብ፣ ያ የሰው ነፍስ ነው።

እና በዚያ ዘመን ቴምዝ ላይ የቆመ መርከብ ክሮኖሜትሩን ለማመሳከር 7 ሰዓት ሲደርስ መነፅሩን ወደ ኮረብታው አዙሮ ይጠብቃል። ክፍያ የለ፣ ፈቃድ የለ፣ የየትኛው አገር ባንዲራ ነው የሚል የለ። ማየት የቻለ ሰዓቱን ይወስዳል። እኔን የነካኝ ይሄ ነው። የሚቆጠረው ደግሞ ታች ስትደርስ ሳይሆን ከጫፉ የለቀቀችበት ቅጽበት ነው። ሌላም የወደድኩት ነገር አለ፦ መርከበኞቹ ክሮኖሜትሩን አይነኩትም። በየጊዜው ቆጣሪውን ከማንቀሳቀስ ይልቅ ዛሬ በስንት ሰከንድ ቀደመ፣ ነገስ፣ ከነገ ወዲያስ እያሉ ይመዘግባሉ። በቀን 4 ሰከንድ እንደሚቀድም ካወቁ፣ ከወር በኋላ ውቅያኖስ መሀል ሆነው 2 ደቂቃ ቀንሰው ያሰላሉ።

ለምን እኩለ ቀን ላይ አልሆነም ብላችሁ ይሆናል። እኩለ ቀን ላይ የመመልከቻው ሰዎች ፀሐይ መስመሩን ስታልፍ ይለኩ ነበር፣ እጃቸው አይፈታም። ስለዚህ አንድ ሰዓት ዘግይታ እንድትወድቅ አደረጉ።

ውጭ በሩ ላይ ያለውን ሰዓትም እዩት። የቻርልስ ሼፐርድ ሥራ ነው፣ ከ1852 ጀምሮ እዚያው አለ፣ በኤሌክትሪክ ይሠራል፣ ፊቱ ላይ 24 ሰዓት ተጽፏል። እኩለ ቀን ላይ አጭሩ ቆጣሪ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ያመለክታል፣ በተራ ሰዓት 6 በሚጻፍበት ቦታ ማለት ነው። ፈረንጆቹ ግራ ይጋባሉ፤ ለኛ ግን ስድስት ሰዓት ስድስት ሰዓት ነው! ዓመቱን ሙሉ የሚያሳየው የግሪንዊችን ሰዓት ብቻ ነው፣ ስለዚህ ለንደን ሰዓቷን አንድ ወደፊት በምታደርግባቸው ወራት ከሄዳችሁ ከስልካችሁ ጋር አይገጥምም። ይህን ሰዓት ይነዳ የነበረው፣ ውስጥ ያለው ዋና ሰዓት፣ ምልክቱን በቴሌግራፍ ሽቦ ወደ ለንደን ብሪጅ ይልክ ነበር፣ ከዚያ ወደ ባቡር ጣቢያዎችና ወደ ሌሎች ከተሞች። ከ1855 ጀምሮ ዲል በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ያለች ሌላ ኳስ ከዚሁ በሚላክ ምልክት ትወድቅ ነበር።

ኳሷን ማየት የማይችልስ? ከተማው ውስጥ ያሉ ሰዓት ሠሪዎች ትክክለኛውን ሰዓት ፈልገው መመልከቻው ድረስ እየመጡ ሥራ ያስፈቱ ነበር። በ1836 ጆን ሄንሪ ቤልቪል የተባለ የመመልከቻው ረዳት አንድ ጥሩ የኪስ ሰዓት ከግሪንዊች ጋር እያስተካከለ ደንበኞቹ ዘንድ ይዞ መዞር ጀመረ። እሱ በ1856 ሲሞት ሚስቱ ማሪያ ያዘችው። ከሷ ልጃቸው ሩት ተቀበለች፣ እስከ 1940 ገደማ። በኪስ ሰዓት፣ በእግርና በባቡር! በ1908 የተፎካካሪ ድርጅት ሰው አሠራሯ ያረጀ ነው ብሎ በአደባባይ ቢነቅፋትም ሥራዋን አልተወችም። ለኔ የዚህ ታሪክ ሁሉ ጀግና እሷ ናት። ሰዓቷን ማየት ከፈለጋችሁ ግን ያለው ግሪንዊች ሳይሆን ለንደን ሳይንስ ሙዚየም ውስጥ ባለው የሰዓት ሠሪዎች ሙዚየም ነው።

የስኮትላንዷ ኤድንብራም እንዲህ ያለ ኳስ አላት፣ ግን ጉም ሲሸፍናት አትታይም። ስለዚህ በ1861 ከቤተ መንግሥቱ ምሽግ መድፍ መተኮስ ጀመሩ። ድምፅ ዘገምተኛ ነው፣ 3 ኪሎ ሜትር ርቆ የቆመ ሰው ጋ የሚደርሰው ወደ 9 ሰከንድ ዘግይቶ ነው። ስንት ሰከንድ እንደሚቀነስ የሚያሳይ ካርታ አሳትመው ነበር። በሬዲዮ የቢቢሲን ዓለም አቀፍ ስርጭት የሰማ ሰው የሚያውቃቸው፣ ሰዓት ሲሞላ የሚሰሙት ስድስቱ ጢጥታዎችም የዚሁ ቤት ልጆች ናቸው፤ የያኔው የመመልከቻው ኃላፊ ፍራንክ ዳይሰን እጃቸው ያለበት ሐሳብ ሆኖ በየካቲት 1924 ጀመሩ።

አሁን ወደ ምክሩ። ኳሷንም የበሩን ሰዓትም ከውጭ ማየት በነፃ ነው። ትኬት የሚጠየቀው ወደ ውስጥ ለመግባት ነው፤ መርከብ ላይ ጊዜን በትክክል የሚጠብቅ ሰዓት የሠራውን የጆን ሃሪሰንን የባሕር ሰዓቶች ለማየት ስትሉ ክፈሉ፣ አይቆጫችሁም። ለመስመሩ ፎቶ ብቻ ከሆነ ግን ይቅርባችሁ፣ ስልካችሁ ላይ ዜሮ ኬንትሮስ የሚለው ቦታ ራሱ 102 ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ወረድ ብሎ ነው። ለኳሷ ምርጡ ቦታ ግቢው ውስጥ ሳይሆን ታች መናፈሻው ሣር ላይ ነው። ከዚያ ሙሉዋን ታዩዋታላችሁ፣ እንደ መርከበኞቹ ከሩቅ። 6 ከ50 ላይ ድረሱ። ነፋስ ከበረታ አትወጣም። ቤቱ ክፍት መሆኑንም አስቀድማችሁ አጣሩ።

እናቴ የምታስረው የአባቴን ሰዓት ነው፣ በእጅ የሚሞላ፣ ከአዲስ አበባ እንደመጣ ያልተነካ። ኳሷ ስትወድቅ አየችው፣ 10 ሰዓት ከ2 ይላል። አስተካክልልሽ ብላት እምቢ አለች። በሳምንቱ እሷው ራሷ «እንሂድ» አለችኝ፣ እዚያው ሣር ላይ ቆምን፣ ወደቀች። 10 ሰዓት ከ3። «በሳምንት አንድ ደቂቃ ይሮጣል» አለችና እጅጌዋን መለሰችበት።