እግር ወለም ሲል፦ ወጌሻ ወይስ ፊዚዮቴራፒስት?

ኳስ ሜዳ ላይ እግርህ ወለም ካለ "ቶሎ ወጌሻ ጋ ውሰዱት!" የሚል አይጠፋም። ወጌሻ ቅርብ ነው፤ ዋጋውም ቀለል ይላል፤ ብዙዎቹም የለመደ እጅ አላቸው። ግን ገና ያበጠ ቁርጭምጭሚትን አጥብቆ ማሸት ጉዳቱን ያባብሰዋል። በእንጨት ጠፍሮ ማሰርማ ደም አቋርጦ እግር እስከማስቆረጥ ሊያደርስ ይችላል። ጣትህ ከደነዘዘ ወይም ከቀዘቀዘ ማሰሪያው ወዲያው ይፈታ።

ፊዚዮቴራፒስት፣ ማለትም ጉዳትን በአካል እንቅስቃሴ የሚያክም የጤና ባለሙያ፣ መጀመሪያ ስብራት አለመኖሩን ያጣራል። አራት እርምጃ መራመድ ካቃተህ ራጅ እንድትነሳ ይልክሃል። ከዚያ ሥራው ያንተ ነው፦ በአንድ እግር መቆም፣ ተረከዝ ማንሳት፣ ቀስ በቀስ ሶምሶማ። ሳምንታት ይፈጃል፤ ያሰለቻልም። እኔ ግን ይህን እመርጣለሁ። በተለይ ራሱ ስፖርተኛ የነበረ ባለሙያ ካገኘህ፣ "መቼ ነው ሜዳ የምመለሰው?" የሚለው ጭንቀት ይገባዋል።