የፓምፕ ክዳን ሥራ በባሕር ዳር፦ የመቁረጫው መንገድ ሲታረም

በጣና ላይ ለምናሠራት ጀልባ የውኃ ፓምፕ የአሉሚኒየም ክዳን በባሕር ዳር ከተማ በሚገኝ አንድ ቶርኖ ቤት በሲኤንሲ (በኮምፒውተር በሚታዘዝ የመቁረጫ) ማሽን አሠርቼ ነበር። የመጀመሪያው ክዳን አላረካኝም፤ መቁረጫው ማዕዘን ላይ በደረሰ ቁጥር ከብረቱ ጋር ያለው ንክኪ በድንገት ስለሚሰፋ፣ እየጮኸ በክዳኑ ውስጠኛ ጎድጓዳ ክፍል በአራቱም ማዕዘን በጥፍር የሚዳሰስ ሞገድ ትቶ ነበር።

ቅሬታዬን ሳቀርብ ባለሙያው ሳይከራከር ኮምፒውተሩ ፊት አስቀምጦኝ መቁረጫው የሚሄድበትን መንገድ ቀየረው፤ መቁረጫው ከላይ በቀጥታ ከመውረድ ይልቅ እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ እየዞረ እንዲገባ፣ ከዚያም በትንንሽ ቅስቶች እየተመላለሰ ሁልጊዜ ተመሳሳይ ስፋት ብቻ እንዲቆርጥ፣ በመጨረሻም በግድግዳው ላይ የተረፈውን ግማሽ ሚሊ ሜትር በአንድ ዙር እንዲያጸዳ አደረገ። የማዕዘኑንም ቅስት ከመቁረጫው ራዲየስ በመጠኑ አሰፋው። ትልቁ ቁም ነገር ይህ ይመስለኛል፤ ሁለቱ እኩል ሲሆኑ መቁረጫው ማዕዘኑ ላይ ለቅጽበት ቆም ብሎ አቅጣጫ ለመቀየር ይገደዳልና።

ሁለተኛው ክዳን ግድግዳው ለስላሳ ነው፣ ውኃም አያንጠባጥብም፤ ሥራውም ከፊተኛው ፈጥኖ አልቋል። ዋጋው ተገቢ ነው። ቅር ያለኝ ማቀዝቀዣው ብቻ ነው፤ አሉሚኒየም ሲግል መቁረጫው ላይ ስለሚጣበቅ፣ በብሩሽ ከሚቀባ ዘይት ይልቅ ያለማቋረጥ የሚፈስ ፈሳሽ ቢያዘጋጁ ይገባል።