ለቀበና ዳገት፦ የሜዲትራኒያኑ ኦክ ወይስ የኛው ክትክታ?

ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና ወንዝ በሚያዘቀዝቀው ግቢያችን ለአጥር የሚሆን ቁጥቋጦ ስንፈልግ፣ የአክስቴ ልጅ ከግሪክ የኬርሜስ ኦክ ቅርንጫፍ ከነፍሬው ይዞ መጣ። ኦክ ሲባል ግዙፍ ዛፍ ነበር የጠበቅኩት፤ ይሄ ግን የደረቅ ተራራ ቁጥቋጦ ነው፣ ብዙ ጊዜ ከ2 ሜትር አያልፍም። ቅጠሉ ዳር ዳሩን እሾህ ነው፣ ጣቴን ወጋኝ። ቢቃጠልም ከሥሩ ያቆጠቁጣል። ፍሬው ለመብሰል 2 ዓመት ይፈጃል፤ ፍየልም ትግጠዋለች። ድሮ እላዩ ላይ ከሚኖር ትንሽ ነፍሳት ደማቅ ቀይ ቀለም ይወጣ ነበር፤ እሱ ብቻ ያስቀናል።

ክትክታ ግን ቅጠሉ ሙጫ የተቀባ ይመስል ጣት ላይ ይጣበቃል፤ ፍየል ብዙም አትደፍረውም። የተራቆተ ዳገት ላይ ቀድሞ ይበቅላል፤ ወረቀት የመሰለ ባለክንፍ ፍሬውን ነፋስ ይበትንለታል። እማዬ የጎረቤቱን ፍየል አየት አድርጋ «ክትክታውን ትከል» አለችኝ።