ሦስት ዓመት «ሙሉ» ያለው ጌጅ፦ የቮልሴን ዳሽቦርድ ያሠራሁበት ቦታ

የቮልሴ ነዳጅ ጌጅ ሦስት ዓመት «ሙሉ» እንዳለ ኖረ። ስቀዳም ሙሉ፣ ሳልቀዳም ሙሉ። ስለዚህ የማምነው ኪሎ ሜትሩን ነበር፤ ከቀዳሁ በኋላ 300 ሲጠጋ ወረፋ ፍለጋ እወጣለሁ። ባለፈው ጥቅምት ቆጠራው ተምታታብኝና ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚወስደው ዳገት ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። ከኋላዬ አይሱዙ ጥሩምባውን ይነፋል፣ ጌጁ ያኔም «ሙሉ» ይላል።

በማግስቱ ነው ሰው የጠቆመኝን አዛውንት ኤሌክትሪሺያን ፍለጋ ከሶማሌ ተራ ጀርባ የወረድኩት። ታፔላ የላቸውም። ጠባብ በር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ በየቀለሙ የተሰቀለ ሽቦ፣ ደጃፉ ላይ ሁለት መኪና የሚያስቆም ቦታ። ያ ነው ጋራዡ።

መኪናዋ በፈረንጆች 1970 የተሠራች ቮልስዋገን 1300 ናት፤ አባቴ በ1979 ዓ.ም. ነው የገዛት። ዳሽቦርዷ ላይ ያለው አንድ ክብ ሰዓት ብቻ ነው፤ ፍጥነቱም፣ ነዳጁም፣ መብራቶቹም እዚያው ውስጥ ናቸው። የሙቀት ጌጅ የላትም፤ በአየር ነው የምትቀዘቅዘው። ይህንን ያህል ትንሽ ነገር ማበላሸት ይከብዳል፣ ግን ቀድሞ የወሰድኩበት ቦታ (ስሙን ልተወው) ተሳክቶለት ነበር። «ጌጁ ሞቷል» ብለው አሮጌ ጌጅ አስገዙኝ፤ እሱም ሲገባ «ሙሉ» አለ። «እንግዲህ የመኪናው ፀባይ ነው» ተባልኩ።

ጋሼ ዳሽቦርዱን አልነኩም። የፊት ኮፈኑን ከፈቱ (ቮልስ ሞተሯ ከኋላ፣ ሰልባትዮዋ ከፊት ነው)፣ ሰልባትዮው አናት ላይ ካለው፣ የነዳጁን መጠን ከሚለካው ተንሳፋፊ ሽቦዋን መዘዙና «ቁልፉን ክፈቺ ልጄ» አሉኝ።

«ምን ይላል?»

«ሙሉ።»

«አሁንም?»

«አሁንም ሙሉ ነው ጋሼ።»

ሳቅ አሉ። ከዚያ በዳሽቦርዱ ሥር እጃቸውን ሰደው ያንኑ ሽቦ ከጌጁ ጀርባ ነቀሉት። መርፌው ቀስ እያለ ወደ ባዶ ወረደ። «ጌጁ ደህና ነው። ተንሳፋፊውም ላይ ገና አትፍረጂ። ነገሩ መሐል መንገድ ላይ ነው» አሉ። ነገሩን ሲያስረዱኝ እንዲህ ነው፦ ተንሳፋፊው ሰልባትዮው ሲሞላ ሬዚስታንሱ (ኤሌክትሪክ የሚያግድበት መጠን) ወደ 10 ኦም ይወርዳል፣ ሲጎድል ወደ 73 ይወጣል። ሽቦው መንገድ ላይ ተልጦ ቦዲ ከነካ ደግሞ ዜሮ ይሆናል፣ ጌጁም ዜሮን «ሞልቷል» ብሎ ያነበዋል። ጥፋተኛው ክሪኬ (መኪና ማንሻዬ) ሆኖ ተገኘ። ከፊት ሻንጣ ቦታው ውስጥ እንዲሁ የጣልኩት ክሪክ ሽቦዋን ከቆርቆሮው ጋር ጨፍልቆ ልጧታል። የሦስት ዓመት ችግር፣ የሁለት ጣት ርዝመት።

በዚህ ብቻ ቢያበቃ ኖሮ ይህንን ሁሉ አልጽፍም ነበር። ቁልፉ እንደተከፈተ ዳሽቦርዱን አዩና «የዘይት መብራቷስ?» አሉ። ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፍ ሲከፈት ሁለት መብራት መብራት አለበት፤ ቀዩ የዲናሞው (ባትሪ የሚሞላው)፣ ሌላው የዘይት ግፊት። የኔ የዘይቱ አይበራም ነበር፣ እኔም አለመብራቱን እንደ ጤንነት ቆጥሬዋለሁ። ሰዓቱን ከጀርባ ሲያወጡት የአምፖሉ ቤት ባዶ ነው። አንድ ሰው ብልጭ ድርግም ስትል ሰልችቶት አምፖሏን አውጥቶ ሄዷል። ጋሼ ለመጀመሪያ ጊዜ የተቆጡት እዚህ ላይ ነው፤ «ሰው እያመመው አፉን ይሸፍኑታል?»

የቀድሞዎቹ የሠሩት ሌላው ጉድ፣ ሁሉንም ነገር በአንድ ዓይነት ቀይ የስፒከር ሽቦ ነው የቀጠሉት፤ ጠምዝዘው ናስትሮ ጠቅልለውበታል። የጀርመን መኪና ሽቦ ደግሞ በቀለም ነው የሚነበበው። ቡናማ ወደ ቦዲ የሚሄድ ነው፣ ቀይ በቀጥታ ከባትሪ፣ ጥቁር በቁልፉ በኩል፣ ሰማያዊ የዲናሞው መብራት። ዕቃዎቹ ላይ ቁጥርም ተቀርጿል፦ 30 ከባትሪ፣ 15 ከቁልፍ፣ 61 የዲናሞው መብራት። ጋሼ ቀዩን በሙሉ ቆርጠው ጣሉና በየቀለሙ ገዝተው፣ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በይደው፣ በእሳት የሚጨማደድ ላስቲክ አልብሰው ዘረጉት። ናስትሮ አንድም ቦታ የለም።

እኔ ሁሉንም አምፖል ኤልኢዲ እንዲያደርጉልኝ ጠይቄ ነበር። ለቀዩ የዲናሞ መብራት ግን እምቢ አሉ። ያ አምፖል በአንድ በኩል ከባትሪ፣ በሌላ በኩል ከዲናሞው ጋር ስለተያያዘ ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ይጠፋል፤ የትኛውም ወገን ሲደክም ይበራል። ኤልኢዲ ግን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚበራው፣ ስለዚህ ግማሹን ጥፋት ይደብቅብሻል አሉኝ። እናንተም ይህንን ለማድረግ ካሰባችሁ ተዉት።

ከአምስት ሳምንት በኋላ ወደ ቢሾፍቱ ስሄድ ዱከም ሳልደርስ ቀይዋ በራች። ቮልስ ላይ ይህ «ባትሪ አልሞላም» ብቻ አይደለም፤ ዲናሞውንና ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን ፋን የሚያዞረው ያው አንድ ቺንጊያ ነው። ዳር ይዤ አጠፋሁ። ከኋላ ስከፍት ቺንጊያው ለሁለት ተበጥሶ ተንጠልጥሏል። ትንሽ ብነዳ ሞተሩ ይቃጠል ነበር። ደወልኩላቸው፤ «አጥፍተሻታል?» ከማለት በቀር ምንም አልጠየቁኝም።

ዋጋው፦ የእጅ 5,800 ብር፣ ሽቦና አምፖል 1,400። ርካሽ አይደለም፣ አባቴም «እኔ 30 ዓመት ያለ መብራት ነድቼአለሁ» ብሎ ተቆጥቷል። ሁለት ቀን ብለውኝ አምስት ቀን ፈጀባቸው። ደረሰኝ የለም፣ መቀመጫ የለም፣ ዝናብ ከጣለ ሥራ የለም። የፍጥነት መርፌው ይንቀጠቀጣል ስላቸው «ያ የኔ አይደለም» አሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ እሱ ከግራ የፊት ጎማ በኬብል የሚመጣ እንጂ ኤሌክትሪክ አይደለም፣ ግን ማን ጋ እንደምሄድ እንኳ አልነገሩኝም።

ከሠሩት ሥራ አንድ ነገር ብቻ አልወደድኩላቸውም። የረዥም መብራት ምልክቷን፣ ሰማያዊዋን፣ ኤልኢዲ አድርገውልኛል፤ ማታ ከዳሽቦርዱ ላይ ዓይን ትወጋለች። «አምጪያት እቀይራታለሁ» ብለዋል። እስከዚያው አምፖሏ ላይ ሁለት እጅ የጥፍር ቀለም ቀብቼባታለሁ፤ አሁን ወይን ጠጅ መሳይ ሆና ትበራለች።