ራይዘን 5 5600ኤክስን እና ራሙን ከፋብሪካ ልክ በላይ ማሠራት፦ የስምንት ወር የአጠቃቀም ምዘና

የሕንፃ ንድፎችን ብሌንደር በተባለው ፕሮግራም ወደ ምስል የመቀየር ሥራዬን የማከናውነው አዲስ አበባ፣ ቤቴ ውስጥ ባለ አንድ ዴስክቶፕ ነው። ኮምፒውተሩ መተኪያ ስለሌለው ፍጥነቱን ለመጨመር የወሰንኩት ብዙ ካመነታሁ በኋላ ነበር። ለዚህ ምዘና የቀረበው ፕሮሰሰር የኤኤምዲ ራይዘን 5 5600ኤክስ ሲሆን፣ አብረውት የሚሠሩት በቢ550 ማዘርቦርድ ላይ የተሰኩ፣ እያንዳንዳቸው 16 ጊጋባይት የሆኑ ሁለት ዲዲአር4 ራሞች (ኮምፒውተሩ እየሠራበት ያለውን መረጃ ለጊዜው የሚይዝባቸው ማኅደረ ትውስታዎች) ናቸው። ፕሮሰሰሩ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 በ299 ዶላር ለገበያ የቀረበ፣ 6 ኮር (ራሱን የቻለ የማስሊያ ክፍል) እና 12 ትሬድ (በአንድ ጊዜ የሚያስኬዳቸው የሥራ መስመሮች) ያለው፣ መነሻ ፍጥነቱ 3.7 ጊጋኸርዝ፣ ከፍተኛው ደግሞ 4.6 ጊጋኸርዝ የሆነ ነው። ከእርሱ ወዲህ አዳዲስ ትውልዶች ቢወጡም ዛሬም በብዙ ቤትና ቢሮ እየሠራ ይገኛል፤ አዲስ ከመግዛት በፊት በእጅ ካለው ዕቃ ምን ያህል ተጨማሪ ጉልበት እንደሚገኝ ማወቅ የሚፈልግ ሰውም ጥቂት አይመስለኝም።

ወደ ፕሮሰሰሩ ከመሄዴ በፊት ስለ ራሙ መናገር ይኖርብኛል፤ ምክንያቱም ትልቁን ለውጥ ያየሁት እዚያ ነው። ኮምፒውተሩን የገጣጠመልኝ ሱቅ ሁለቱን ራሞች ከፕሮሰሰሩ አጠገብ ባሉት ሁለት ቀዳዳዎች ጎን ለጎን ሰክቷቸው ነበር። አራት ቀዳዳ ባላቸው በአብዛኞቹ ማዘርቦርዶች ላይ ሁለት ራም የሚሰካው ከፕሮሰሰሩ በኩል ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ነው፤ ጎን ለጎን ከተሰኩ ሁለቱም አንድ የመረጃ ማለፊያ መስመር ይጋሩና ሌላው መስመር ባዶውን ይቀራል። በዚህ ላይ ሳጥናቸው የፍጥነት ቁጥራቸውን 3600 (በሰከንድ የሚያደርጉት የመረጃ ዝውውር በሚሊዮን) ይበል እንጂ ራሞቹ የሚሠሩት በ2133 ነበር፤ ተጠቃሚው ባዮስ (የማዘርቦርዱ መሠረታዊ ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ገብቶ ኤክስኤምፒ የሚባለውን የአምራቹን ቅንብር እስካልከፈተ ድረስ ማዘርቦርዱ ራሙን የሚያሠራው በዝቅተኛው መደበኛ ፍጥነት ነውና። በ2133 በአንድ መስመር የሚያልፈው መረጃ በስሌት ደረጃ በሰከንድ 17 ጊጋባይት ገደማ ሲሆን፣ በ3600 በሁለት መስመር ግን 57.6 ጊጋባይት ይደርሳል። የከፈልኩበትን ፍጥነት ከሢሶ በታች እየተጠቀምኩ ወራት ማሳለፌ እስካሁን ይቆጨኛል፤ ኮምፒውተር አስገጣጥሞ የሚረከብ ሰው ሁሉ የኬዙን ክዳን ከፍቶ እነዚህን ቀዳዳዎች በዓይኑ እንዲያይ አጥብቄ እመክራለሁ።

ኤክስኤምፒን መክፈት ራሱ ኦቨርክሎክ፣ ማለትም ከፋብሪካ ልክ በላይ ማሠራት፣ መሆኑን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ኤኤምዲ ለዚህ ፕሮሰሰር በይፋ ያስቀመጠው የራም ፍጥነት እስከ 3200 ብቻ ነው፤ 3600 ከዚያ ያለፈ ሲሆን የራሙ ቮልቴጅም ከመደበኛው 1.2 ወደ 1.35 ከፍ ይላል። ያም ሆኖ 3600 ለዚህ ትውልድ የተስማማ ልክ ነው። 3600 የተባለው መረጃ የሚተላለፍበት መጠን እንጂ የራሙ ትክክለኛ ምት ግማሹ፣ ማለትም 1800 ሜጋኸርዝ ነው፤ የፕሮሰሰሩን ክፍሎች እርስ በርስ የሚያገናኘው ኢንፊኒቲ ፋብሪክም በዚሁ 1800 እኩል መምታት ይችላል። ሁለቱ እኩል ካልመቱ በመካከላቸው መጠባበቅ ስለሚፈጠር፣ በቁጥር የበለጠ ራም ተገዝቶ በተግባር የቀረፈፈ ኮምፒውተር ሊገኝ ይችላል። ገዢው ከ3600 ቀጥሎ ማየት ያለበት ሲኤል የሚባለውን ቁጥር ነው፤ ሲኤል16 የሆነው ምላሽ ለመስጠት 8.9 ናኖሰከንድ ያህል ሲፈጅበት፣ ሲኤል18 የሆነው 10 ናኖሰከንድ ይፈጅበታል።

ራሙን በማስተካከል ያገኘሁት ጥቅም በሁሉም ሥራ ላይ እኩል አልታየም። ብሌንደር ምስል ሲሠራ ጉልበቱን የሚያወጣው ከኮሮቹ ስለሆነ ልዩነቱ እምብዛም አልነበረም፤ የታመቁ ፋይሎችን በመፍታትና ከባድ የንድፍ ፋይሎችን በመክፈት ላይ ግን ወዲያውኑ የሚታወቅ ቅልጥፍና መጥቷል።

ወደ ፕሮሰሰሩ ስመጣ መጀመሪያ የሞከርኩት የቆየውን መንገድ፣ ሁሉንም ኮሮች በ4.6 ጊጋኸርዝ ላይ ማሰርን ነበር። ሠርቷል፤ ነገር ግን ሙቀቱ ጨመረ፣ ኮምፒውተሩም ሥራ በሌለበት ሰዓት እንኳ ቮልቴጁን ዝቅ ማድረግ ተወ። አንድ ኮር ብቻ በሚፈልግ ሥራ ላይ ደግሞ ፕሮሰሰሩ በራሱ ይደርስበት ከነበረው ፍጥነት ምንም አልተጨመረም። ስለዚህ ይህንን ትቼ ፕሪሲዥን ቡስት ኦቨርድራይቭን ከከርቭ ኦፕቲማይዘር ጋር ተጠቀምኩ። የመጀመሪያው ፕሮሰሰሩ ከተመደበለት 76 ዋት በላይ ኃይል እንዲወስድ ይፈቅድለታል፤ ሁለተኛው ደግሞ ለእያንዳንዱ ኮር በየፍጥነቱ የሚሰጠውን ቮልቴጅ ይቀንሳል። በከርቭ ኦፕቲማይዘር አንድ እርምጃ መቀነስ ከ3 እስከ 5 ሚሊቮልት ያህል ማውረድ ሲሆን፣ እስከ 30 እርምጃ መውረድ ይቻላል። ቮልቴጅ ሲቀንስ ሙቀት ይቀንሳል፤ ሙቀት ሲቀንስ ፕሮሰሰሩ በራሱ ውሳኔ ፍጥነቱን ይጨምራል። በዚህ መንገድ ቀድሞ 40 ደቂቃ ይፈጅብኝ የነበረ አንድ የሳሎን ምስል በ37 ደቂቃ ያልቅ ጀመር። ሦስት ደቂቃ ለአንድ ምስል ትንሽ ይመስላል፤ በአንድ ሌሊት አሥር ምስል ለሚያሠራ ሰው ግን ግማሽ ሰዓት ነው።

ከባዱ ሥራ ማረጋገጡ ነበር። ሁሉንም ኮሮች 25 እርምጃ አውርጄ ሲኒቤንች የተባለውን የፕሮሰሰር መፈተኛ ፕሮግራም ለግማሽ ሰዓት ሳሠራው አንዳች እንከን ስላላሳየ ተሳክቷል ብዬ አመንኩ። በሦስተኛው ቀን ንጋት ላይ ስነሳ ኮምፒውተሩ ምንም ሥራ ሳይሰጠው በራሱ ጠፍቶ ተነሥቶ አገኘሁት፤ በዊንዶውስ የክስተት መዝገብ ውስጥም ደብሊውኤችኢኤ-ሎገር የሚል ስም ያለው፣ ቁጥሩ 18 የሆነ ስህተት ተመዝግቦ ነበር። ለካስ በዚህ መንገድ ቮልቴጅ የተቀነሰበት ፕሮሰሰር ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በከባድ ጭነት ላይ ሳይሆን፣ ቀለል ባለ ሥራ አንድ ኮር ወደ ከፍተኛው ፍጥነቱ በድንገት ሲዘል ነው። ከዚያ በኋላ ኮርሳይክለር በሚባለው ነፃ ፕሮግራም እያንዳንዱን ኮር ለብቻው ለሰዓታት ፈተንኩ። አራቱ ኮሮች 20 እርምጃ ሲችሉ፣ ሁለቱ ጠንካራ ተብለው የተለዩት ኮሮች ግን ከ8 እርምጃ በላይ መውረድ አልቻሉም። ይህ የሚያስገርም አይደለም፤ ከፍተኛ ፍጥነት የሚሰጣቸው እነርሱ ስለሆኑ የሚቀነስ ትርፍ ቮልቴጅ የላቸውም።

የራም ስህተት ከዚህም የከፋ ነው፤ ድምፅ የለውምና። ራሙን ወደ 3800፣ ኢንፊኒቲ ፋብሪኩን ወደ 1900 ለማውጣት በሞከርኩበት ሳምንት ኮምፒውተሩ ተነሣ፣ ሥራም ሠራ፤ ነገር ግን ለደንበኛ ለመላክ ያመቅኩት ፋይል ሲፈታ ተበላሽቷል የሚል መልእክት አመጣ። በዚያው ሰዓት ወደ 3600 መልሼ ሜምቴስት86 የተባለውን የራም መፈተኛ ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ጭኜ ሌሊቱን ሙሉ አሠራሁት። የነፃው ቅጂ የሚፈቅደውን አራት ዙር ያለ አንድ ስህተት ጨረሰ፤ ከዚያ ወዲህ የተበላሸ ፋይል አላየሁም። በመቶ የሚቆጠር ሰዓት የፈጀ ንድፍ የተቀመጠበትን ኮምፒውተር በአንድ ስህተት እንኳ አምኜ አላሠራም፤ ሜምቴስት86 አንድ ቀይ መስመር ካሳየ ቅንብሩ ወድቋል ማለት ነው።

ስለ ማቀዝቀዣው አንድ የአካባቢያችንን ጉዳይ ማንሣት ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ከባሕር ዳርቻ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ፋን የሚገፋው አየር በሳሳ ቁጥር የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። የከተማዋ ቅዝቃዜ ጥቂቱን ቢያካክስም፣ በውጭ አገር ምዘናዎች ላይ የሚታየውን የሙቀት ቁጥር እዚህ እንዳለ መጠበቅ ስህተት ነው። ከፕሮሰሰሩ ጋር በሳጥን የሚመጣው ሬይዝ ስቴልዝ የተባለ ማቀዝቀዣ ለፋብሪካው ልክ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ሲሄዱ ግን ድምፁ ሥራ ያስፈታል፣ ሙቀቱም ወደ 95 ዲግሪው ገደብ ይጠጋል። እኔ ባለ 120 ሚሊሜትር ፋን ማማ ማቀዝቀዣ ከገጠምኩ በኋላ በረጅም ሥራ ላይ ከ78 ዲግሪ አልፎ አላየሁትም።

በመብራት በኩል ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ሳይኖር ይህን ሙከራ መጀመር አይገባም። ባዮስ በሚዘምንበት ወይም ምስል በሚሠራበት ሰዓት መብራት ቢጠፋ የሚደርሰው ጉዳት ከሚገኘው ፍጥነት ጋር አይወዳደርም። ኤኤምዲ በኦቨርክሎክ የተነሣ የሚደርስ ጉዳት በዋስትና እንደማይሸፈን በግልጽ ያስቀምጣል፤ ዋስትናው ያላለቀ አዲስ ዕቃ የያዘ ሰው ይህን አስቀድሞ ማሰብ አለበት።

5600ኤክስ ላለው ሰው ራሙን በትክክለኛው ቀዳዳ ሰክቶ በ3600 ማሠራትን ያለ ማመንታት እመክራለሁ። ከርቭ ኦፕቲማይዘር አንድ ሳምንት ያህል በትዕግሥት ለመፈተን ዝግጁ ለሆነ ሰው ይጠቅማል፤ ሁሉንም ኮሮች በአንድ ፍጥነት ማሰርን ግን ለማንም አልመክርም። የተለያየ አምራች ራሞችን ቀላቅሎ የሰካ ሰው ኤክስኤምፒው ካልያዘለት በ3200 ቢቆም ይሻለዋል። የመጨረሻውን ቅንብር የባዮስ ገጽ በስልኬ ፎቶ አንሥቼ ኬዙ ውስጠኛ ክዳን ላይ አትሜ ለጥፌዋለሁ፤ ባለፈው ወር የማዘርቦርዱ ባትሪ አልቆ ሁሉም ቁጥር ወደ ፋብሪካው ልክ በተመለሰ ጊዜ በአሥር ደቂቃ ውስጥ መልሼ ሥራዬን ቀጥያለሁ።